ኩበርኔትስ አፕግሬድ ስታደርጉ ሰርቪሱ እንዳይቋረጥ እንዴት ታደርጋላችሁ

ኩበርኔትስን (ኮንቴይነር ውስጥ የታሸጉ አፖችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድ ሲስተም) መትከል ዛሬ ከባድ አይደለም፣ በመትከያ ቱሉ በኩቤአድም ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፣ ከባዱ ከዛ በኋላ ማቆየቱ ነው። በዓመት ሶስት ጊዜ ገደማ አዲስ ሚነር ቨርዥን (ከ1.30 ወደ 1.31 እንደሚባለው) ይወጣል፣ አንዱ ቨርዥን ደግሞ ድጋፍ የሚያገኘው ለ14 ወር አካባቢ ነው። ስለዚህ "እየሰራ ነው አትንኩት" ተብሎ የተተወ ክላስተር (ኩበርኔትስ የሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ስብስብ) ብዙም ሳይቆይ ሴኪዩሪቲ ፓች የማይወጣለት ይሆናል፣ የሰው መረጃ ግን እላዩ ላይ ነው ያለው። መዝለል ደግሞ አይቻልም፣ ኮንትሮል ፕሌኑን (ክላስተሩን የሚመራውን ክፍል) ከ1.30 ወደ 1.33 ለማድረስ 1.31ንም 1.32ንም መርገጥ ግድ ነው፣ የዘገየ ሰው ስራው ይከመርበታል።

ክላውድ ላይ ያላችሁ "እኛን አይመለከትም" እንዳትሉ። የአማዞን ኢኬኤስ (አማዞን የሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ) ለአንድ ክላስተር በሰዓት 0.10 ዶላር ነው የሚያስከፍለው፣ ቨርዥኑ መደበኛ የድጋፍ ጊዜውን ሲያልፍ ግን 0.60 ይሆናል፣ በወር ሲሰላ ከ73 ወደ 438 ዶላር አካባቢ ማለት ነው፣ ለዛውም ለኮንትሮል ፕሌኑ ብቻ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከአዲስ አበባ ሆኖ ይሄን የሚከፍል ሰው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል።

በራሳችሁ ሰርቨር ላይ በኩቤአድም ለተከላችሁት ነው በዋናነት የምጽፈው፣ ስለ ወርከር ኖድ (አፖቹ የሚሰሩበት ሰርቨር) የምለው ግን ለሁሉም ይሰራል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሂሳብ ስሩ። ሶስት ወርከር አላችሁ እንበል፣ እያንዳንዳቸው ለፖድ (አፑ ውስጡ ለሚሮጥበት ትንሹ ክፍል) የሚሰጡት 8 ጊጋ ሚሞሪ ነው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ያሉት ፖዶች ሪክዌስት (ያስፈልገናል ተብሎ በፋይላቸው የተጻፈው ሚሞሪ) ሲደመር ደግሞ 6 ጊጋ። ጠቅላላው 18 ሆነ፣ አንዱን ኖድ ስታወጡ የሚቀራችሁ ቦታ 16 ነው፣ ስለዚህ 2 ጊጋ የሚያህል ፖድ መግቢያ አጥቶ ፔንዲንግ ላይ ይቀራል። ሺጁለሩ (ፖዱ የትኛው ኖድ ላይ እንደሚሄድ የሚወስነው) የሚያየው ሪክዌስትን ነው እንጂ ፖዱ በትክክል የሚበላውን አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ግራፋናው (የክትትል ግራፉ) ላይ ሚሞሪው ግማሽ ያሳያል እና ቦታ ያለ ይመስላል። "ኩቤክትል ዲስክራይብ ኖድ" (ኩቤክትል ክላስተሩን የምታዙበት ትዕዛዝ ነው) በሉና ታች "አሎኬትድ ሪሶርስስ" የሚለውን እዩ፣ እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው። ጭራሽ ሪክዌስት ያልተጻፈበት ዲፕሎይመንት (የአንድን አፕ ፖዶች የሚያስተዳድር መዝገብ) ካለ ይባስ፣ ሺጁለሩ ዜሮ እንደሚፈልግ ቆጥሮ የተረፈው ኖድ ላይ ይከምረዋል፣ ከዛ ሚሞሪ ሲያልቅ ኩብሌቱ (በየኖዱ ላይ ፖዶቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፖድ ማባረር ይጀምራል ወይ ከርነሉ ራሱ ይገድላል፣ ኤግዚት ኮድ 137 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቦታ ከሌለ አንድ ወርከር ለጥቂት ሰዓት ጨምሩ፣ ሲያልቅ ታጠፉታላችሁ።

ቀጥሎ የተወገዱ ኤፒአዮች፣ ማለትም ፋይሎቻችሁ የተጻፉባቸው ግን አዲሱ ቨርዥን የማይቀበላቸው የድሮ ቅርጾች። 1.22 ላይ የድሮው የኢንግረስ (ከውጪ የሚመጣ ትራፊክ ማስገቢያ) ቤታ ቨርዥን ተወገደ፣ 1.25 ላይ ፖድ ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ጭራሹን ጠፋ፣ ክሮንጆብም (በሰዓቱ የሚነሳ ስራ) በቤታ የተጻፈው እዛው ቀረ። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቨርዥን ሪሊዝ ኖት አንብቡ፣ የተወገዱትን ፈልጎ የሚያሳየውን ፕሉቶ የሚባለውን ቱል ደግሞ ያማል ፋይሎቻችሁ እና የሄልም (የኩበርኔትስ ፓኬጅ መጫኛ) ሪሊዞቻችሁ ላይ አስኪዱት። ሄልምን ለይቼ የጠራሁት የድሮ ማኒፌስቱን ክላስተሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ ቻርቱን ብታስተካክሉም የተቀመጠው ውስጥ የተወገደ ኤፒአይ ካለ ከአፕግሬድ በኋላ "ሄልም አፕግሬድ" እምቢ ይላችኋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጨርሱት።

ባክአፕ ላይ ቸልታ የለም፣ የክላስተሩ መዝገብ ያለው ኢቲሲዲ የሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ኮንትሮል ፕሌን ኖድ ላይ ግቡና "ኢቲሲዲክትል ስናፕሾት ሴቭ" አድርጉ፣ ኢንድፖይንቱ ሎካልሆስት ፖርት 2379 ነው፣ ሰርቲፊኬቶቹ ፒኬአይ ፎልደር ውስጥ ኢቲሲዲ የሚለው ስር አሉ። ፒኬአይ ፎልደሩንም አብራችሁ ኮፒ አድርጉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ፣ አንደኛ ስናፕሾቱ ውስጥ ሴክሬቶቻችሁ (ፓስወርድና ቁልፎች) አሉ፣ ኢንክሪፕሽን ካላበራችሁ ደግሞ ቤዝ64 ብቻ ናቸው ማለትም ማንም ያነባቸዋል፣ ስለዚህ ፋይሉን ቆልፋችሁ ከክላስተሩ ውጪ አስቀምጡት። ሁለተኛ የዳታቤዛችሁ ዳታ እዛ ውስጥ የለም፣ ኢቲሲዲ የሚይዘው የክላስተሩን መዝገብ ነው፣ የፖስትግሬስ ባክአፕ ለብቻው ነው። እና እባካችሁ አንድ ጊዜ እንኳን ትርፍ ቪኤም ላይ ሪስቶር አድርጋችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ ስራው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የፓኬጅ ሪፖው ለእያንዳንዱ ሚነር ቨርዥን የተለየ ነው፣ ስለዚህ ሶርስ ፋይሉ ላይ ቁጥሩን ካልቀየራችሁ "አፕት አፕዴት" መቶ ጊዜ ብትሉ አዲሱን አያመጣም። በመጀመሪያው ኮንትሮል ፕሌን ላይ ኩቤአድምን ብቻ ከፍ አድርጉ፣ "ኩቤአድም አፕግሬድ ፕላን" በሉ፣ የሚጽፈውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዛ "አፕግሬድ አፕላይ"። ሌሎቹ ኮንትሮል ፕሌኖች ላይ "አፕላይ" ሳይሆን "አፕግሬድ ኖድ" ነው። አንድ በአንድ ሂዱ፣ ሶስት የኢቲሲዲ አባል ካላችሁ የአንዱን መጥፋት ብቻ ነው የሚችለው፣ ሁለቱን አንዴ ካወረዳችሁ ክላስተሩ መጻፍ ያቆማል። ጥሩው ነገር ኩቤአድም አፕግሬድ ሲያደርግ ሰርቲፊኬቶቹንም ያድሳል፣ እነሱ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ያላቸው፣ አፕግሬድ የማይደረግ ክላስተር በዓመቱ ድንገት "ሰርቲፊኬት ኤክስፓየርድ" ብሎ ኤፒአይ ሰርቨሩ የማይመልሰው ለዚህ ነው።

ወርከሮቹ ላይ ነው ተጠቃሚው የሚነካው። "ኩቤክትል ድሬይን" ስትሉ ኖዱ ለአዲስ ፖድ ይዘጋና ያሉት ፖዶች ይወጣሉ፣ ዴመንሴቶቹን (በየኖዱ አንድ አንድ የሚሮጡትን) እንዲያልፋቸው ኢግኖር የሚለውን ፍላግ ጨምሩ። ብዙ ጊዜ እዚህ ይቆማል፣ ዲስራፕሽን በጀት (አንዴ ስንት ፖድ መውረድ እንደሚችል የሚገድብ ደንብ) ይጣሳል እያለ በየ5 ሰከንዱ ይሞክራል። ምክንያቱ ሁሌም ማለት ይቻላል አንድ ነው፣ ሬፕሊካው (የፖዱ ቅጂ ብዛት) 1 ሆኖ በጀቱ ላይ ቢያንስ 1 ይኑር ተብሎ ተጽፏል፣ እንዲህ ከሆነ መቼም አይወጣም። ፎርስ ብላችሁ አትገላገሉትም፣ ፎርስ በጀቱን አያልፍም፣ ኮንትሮለር የሌላቸውን ፖዶች ነው የሚያጠፋው፣ እነሱ ደግሞ ተመልሰው አይነሱም። ሬፕሊካውን 2 አድርጉት፣ አዲሱ ሬዲ እስኪሆን ጠብቁ፣ ድሬይኑ ራሱ ይቀጥላል።

ሁለት ሬፕሊካ ስላለ ብቻ ግን አትተማመኑ። ሁለቱም አንድ ኖድ ላይ ከሆኑ እና በጀት ካልተጻፈ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ ቶፖሎጂ ስፕሬድ ወይ አንቲ አፊኒቲ (ፖዶቹን በተለያዩ ኖዶች የሚያከፋፍሉ ደንቦች) ጻፉላቸው። ሬዲነስ ፕሮብ (አፑ ዝግጁ መሆኑን የሚያይ ፍተሻ) የሌለው ፖድም ገና ሳይነሳ ትራፊክ ይመጣበታል። ሌላው ሰው የሚረሳው አወጣጡ ነው፣ ፖዱ ሲግተርም (ዝጋ የሚል ምልክት) ሲላክለት ከሰርቪሱ ዝርዝር ላይ መውጣቱ በዛችው ቅጽበት አያልቅም፣ ለጥቂት ሰከንድ አዲስ ሪክዌስት ይመጣበታል፣ አፑ ወዲያው ከተዘጋ ያ ተጠቃሚ 502 (የሰርቨር ኤረር) ያያል። ፕሪስቶፕ (ከመዘጋቱ በፊት የሚሮጥ ትዕዛዝ) ላይ 5 ወይ 10 ሰከንድ ስሊፕ አስገቡ፣ ከዛ አፑ የያዘውን ጨርሶ ይዘጋ፣ ለመዝጊያ የሚሰጠው ጊዜ (ግሬስ ፒሬድ) ዲፎልቱ 30 ሰከንድ ስለሆነ ረጅም ስራ የሚሰራ ፖድ ካላችሁ ግሬስ ፒሬዱን ከፍ አድርጉ። ክፍያ የሚያስተላልፍ ሰርቪስ ከሆነ ይሄን ሳታስተካክሉ ድሬይን አትጀምሩ፣ መሃል ላይ የተቆረጠ ክፍያ ማለት አንድ ሰው ብሩ ሄዶ ይሁን አልሄደ ሳያውቅ ተጨንቆ መቀመጥ ነው።

ኖዱ ባዶ ሲሆን "ኩቤአድም አፕግሬድ ኖድ"፣ ከዛ ኩብሌቱን ከፍ አድርጋችሁ ሪስታርት፣ "ጌት ኖድስ" ላይ አዲሱ ቁጥር ከሬዲ ጋር ሲታይ ኖዱን መልሶ የሚከፍተው "አንኮርደን"። ቀጣዩ ኖድ ላይ ከመዝለላችሁ በፊት ፔንዲንግ የሆነ ፖድ እንደሌለ፣ ኮር ዲኤንኤስም (የክላስተሩ ውስጥ ስም ፈቺ) ደህና እንደሆነ እዩ። ሲጨርስ የመጨረሻው ወርከር ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ኩበርኔትስ የተነሱ ፖዶችን ራሱ መልሶ አያከፋፍልም፣ ስለዚህ ከባድ ከባዶቹን ዲፕሎይመንቶች ትራፊክ ቀለል ባለበት ሰዓት "ሮልአውት ሪስታርት" አድርጓቸውና ይበተኑ።