አሜሪካ ውስጥ በሥራና በቤት ኪራይ አድልዎ ሲደርስብን የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት እህት ደብተር ይዛ መጣች። በአክሰንቷ ያላገጡባትን ሁሉ ከነቀኑ ጽፋዋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሠፈረው ሰዓቷ ተቆርጦ ደመወዟ የቀነሰበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር የድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ ኤችአር የሚባለው ጋ፣ ስትመላለስ ኖራለች። «እያየነው ነው» ይሏታል፣ እሷም ትጠብቃለች።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለኤችአር ማመልከት የአቤቱታውን ቀነ ገደብ አያቆመውም። የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ኢኢኦሲ የሚባለው፣ አቤቱታ የሚቀበለው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው። አድልዎን የሚከለክል የራሱ ሕግና መሥሪያ ቤት ባለው ግዛት ወይም ከተማ ደግሞ 300 ቀን ይሰጣል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን የእኩል ዕድል አማካሪ በ45 ቀን ውስጥ ማነጋገር አለባችሁ። ኤችአርን ጠይቁ፣ ግን ጎን ለጎን ቀኑን ቁጠሩ።

ሌላው ስህተት «ማናጀሬ ያመናጭቀኛል፣ አይወደኝም» ብሎ ብቻ መጻፍ ነው። ሕጉ ክፉ አለቃን ሁሉ አይከለክልም። የሚከለክለው በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በትውልድ አገር፣ በአካል ጉዳት ወይም 40 ዓመት በመሙላት ምክንያት የሚደረገውን ነው። ይሉኝታ ይዞን ዋናውን ነገር እንዘለዋለን። «ይህ የሚደረግብኝ ኢትዮጵያዊት በመሆኔ ነው ብዬ አምናለሁ» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጥቅም አላት። አድልዎን ተቃውማችሁ ስታመለክቱ ሕጉ ከበቀል ይጠብቃችኋል፤ ምክንያቱን ካልጠቀሳችሁ ግን አሠሪው «ስለ አድልዎ መች ነገረኝ?» ይላል።

ማናጀርን በስልክ በድብቅ መቅዳት ደግሞ አደገኛ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ እናንተ ከሆናችሁ ይቻላል። በሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልፈቀዱ ወንጀል ነው። ድልድይ ተሻግሮ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሥራ ሲያሰናብቱ ትንሽ ገንዘብ ሰጥተው የሚያስፈርሙትን ወረቀት እዚያው አትፈርሙ። ካሳ የመጠየቅ መብታችሁን የሚያስቀረው እሱ ሊሆን ይችላል። ዕድሜያችሁ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የዕድሜ መድልዎ መብታችሁን ለሚያስቀር ውል ቢያንስ 21 ቀን የማሰቢያ ጊዜ አላችሁ። ከፈረማችሁም በኋላ በ7 ቀን ውስጥ መሻር ትችላላችሁ።

ቤት ስንፈልግ ደግሞ ቶሎ እንተዋለን። በስልክ «ና እየው» ያለው አከራይ በአካል ሲያያችሁ «አሁን ተከራየ» ካለ፣ በማግስቱ ማስታወቂያውን እዩት። አሁንም ካለ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቴክስቶቹንም አታጥፉ። በ1968ቱ የፍትሐዊ ቤት ሕግ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ለሀድ፣ ለማመልከት አንድ ዓመት አላችሁ። ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት። «ልጆች ስላሉሽ አይሆንም» ማለትም በአብዛኛው ክልክል ነው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በቫውቸር፣ ማለትም በመንግሥት የኪራይ ድጋፍ፣ ስለምትከፍሉ ብቻ እምቢ ማለት አይቻልም።

ለማመልከት ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። እናቱ የተሰደበችውን ስድብ መተርጎም ያለበት ልጅ መሆን የለበትም። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። «አማርኛ» በሉ፣ ይበቃል።

ካመለከቱ በኋላ አድራሻና ስልክ ቀይሮ ዝም ማለትም ክስ ያበላሻል። ኢኢኦሲ ክስ መመሥረት ትችላላችሁ የሚል ደብዳቤ ሲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁ 90 ቀን ብቻ ነው።

ቀኑ አለፈ ብሎ ጠበቃ ሳያማክሩ መተውም ስህተት ነው። በዘር ምክንያት ለሚደርስ የሥራ አድልዎ ሥሩ 1866 የሆነ ሌላ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ለብዙ ጉዳዮች አራት ዓመት ይሰጣል። ያቺን እህት ከነደብተሯ ወደ ጠበቃ የላክናት በዚሁ ተስፋ ነው።