የዎርድ ሰነድ እንደ ዚፕ ሲከፈት

ሊኑክስ ላይ የዶክኤክስ (የዎርድ) ሰነድ ስከፍት የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ ራይተር ቀርቶ የዚፕ መክፈቻው እየተነሣ የኤክስኤምኤል ፋይሎች ይዘረግፍልኝ ነበር። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዶክኤክስ ውስጡ ሲታይ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች የታመቁበት ጥቅል ነው። በቀኝ ጠቅታ ራይተርን መምረጥ ደግሞ ለዚያች ጊዜ ብቻ ይሠራል።

መፍትሔው የተገኘው በቤት ማውጫው (በተጠቃሚው ዋና አቃፊ) ውስጥ፣ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ከዓይን በተሰወረው የኮንፊግ አቃፊ ነው። እዚያ ማይምአፕስ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። በነባሪ ፕሮግራሞች ክፍሉ ሥር የዎርድ ሰነድ ዓይነት (ስሙ ትንፋሽ ያሳጥራል!) ከዚፕ መክፈቻው ጋር ተጣምሯል። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ያለውን አጥፍቼ የራይተርን የዴስክቶፕ ፋይል (ፕሮግራሙን ለሲስተሙ የሚያስተዋውቀውን ትንሽ ፋይል) ስም ጻፍሁ። ለኤክሴል ሰነዶችም እንዲሁ የሊብሬኦፊስን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ካልክን ተካሁ። ይህ የተጠቃሚው ፋይል ከሲስተሙ ምርጫ ስለሚቀድም የአስተዳዳሪ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣትም አላስፈለገኝም።