በጃቫ የሩዝ መንደር አንድ ምርት ለመክረም ለምትሄዱ

የፎገራ ልጅ ነኝ። ሩዝ ስንዘራ፣ ስናርም፣ ስናጭድ ነው ያደግኩት። በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ባለችው ዮግያካርታ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በክላተን አውራጃ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ከረምኩ። ክላተን በዮግያካርታና በሶሎ ከተሞች መካከል፣ በመራፒ እሳተ ገሞራ ግርጌ የሚገኝ ምንጭ የሞላበት አገር ነው። ለተመሳሳይ ሥራ የሚሄዱ የአገሬ ልጆች ምክር ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን እጽፋለሁ። መንደሩ ልቡን የሚከፍትላችሁ አስቀድማችሁ ጉልበታችሁን ስትሰጡት ነው። ኑሮው የሚገባችሁ ደግሞ ከገበሬው ጋር ተቀምጣችሁ ሒሳቡን ስትሠሩ ነው።

በደረሳችሁበት ቀን ሻንጣችሁን አስቀምጡና ወደ ጎረቤት ማኅበሩ አለቃ ቤት ሂዱ። ይህ ማኅበር «ኤር ቴ» ይባላል፤ ከመንደሩ አስተዳደር በታች ያለው ትንሹ የነዋሪዎች ማኅበር እሱ ነው። እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ማሳወቅ እንዳለበት የሚያስታውስ ሰሌዳ በየመንደሩ መግቢያ ታያላችሁ። ደጃፍ ላይ ቆማችሁ «ኩሎ ኑዉን» በሉ፤ የእኛን «ቤቶች!» እንደማለት ነው። «ሞንጎ» የሚል መልስ ሳትሰሙ አትግቡ። ጫማችሁን ከደጅ አውልቁ፤ የሚሰጣችሁን ሁሉ በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉ።

በዩኒቨርሲቲ የምትማሩት ኢንዶኔዥያኛ ያግባባችኋል፤ የቤቱ ቋንቋ ግን ጃቫኛ ነው። ጃቫኛ አንቱታ አለው፤ ያውም ከእኛ የረቀቀ። እኛ በአብዛኛው ተውላጠ ስሙንና ግሱን ስንለውጥ፣ እነሱ «በላ»፣ «ተኛ»፣ «ቤት» የሚሉትን ቃላት እንኳ ለታላቅ ሌላ፣ ለእኩያ ሌላ አድርገውታል። ሁሉን አጥንቶ መጨረስ አይቻልም። «ፓክ» ለአባወራ፣ «ቡ» ለእመቤት፣ «ምባህ» ለአያት፣ «ማስ» እና «ምባክ» ለወንድምና ለእህት ብላችሁ ብትጀምሩ የቀረውን እነሱ በትዕግሥት ያስተምሯችኋል። እኔን ያስተማሩኝ የቤቴ ባለቤት የሆኑት ምባህ ነበሩ፤ ማታ ማታ በሻይ ላይ፣ አንድ ቃል ስስት አሥር ጊዜ እየደገሙ።

ከዚያ የሌሊቱን ጥበቃ ጠይቁ። ወንዶቹ በየተራ ከእንጨት የተፈለፈለ ደወል ይዘው መንደሩን ይዞራሉ። በየቤቱ ደጃፍ ትንሽ ጣሳ ተሰቅሏል፤ በውስጡ ቀድሞ አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ አሁን በአብዛኛው ሳንቲም ይቀመጣል። ተረኞቹ ይሰበስቡታል፤ ገንዘቡ ለታመመ መጠየቂያ፣ ለቀብር፣ ለመንገድ መብራት ይውላል። ይህን «ጂምፒታን» ይሉታል። እድራችንን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሴቶቹም «አሪሳን» አላቸው፤ ስማቸውን በወረቀት ጠቅልለው ዕጣ የሚያወጡበት፣ እቁብ ማለት ነው። ቤት ሲሠራ ደግሞ «ሳምባታን» ይጠራል፤ ደቦ ነው፤ ባለቤቱ ምግብና ሻይ ያቀርባል፣ ጎረቤት ጉልበቱን ያዋጣል። በአካል ተገኙ። ጣሪያ ላይ ሸክላ ስታቀብሉ የምትሰሙትን በመጠይቅ ጠይቃችሁ አታገኙትም።

የማሳው ሥራ የሚጀምረው ከጭቃው ነው። እኛ ፎገራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዘሩን እንበትናለን፤ ሩዙ ሳይነሳ ጓያ በእርጥበቱ ላይ እናስከትላለን። እነሱ ችግኝ በመደብ ላይ አፍልተው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነቅለው ይተክላሉ። ተካዮቹ ሴቶች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ እየሄዱ፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ። በግብርና ባለሙያዎች የሚመከረው አተካከል «ጃጃር ለጎዎ» ይባላል፤ ሁለት መስመር ተተክሎ አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። በመስመሮቹ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶው ላይ 50፣ በመስመሩ ውስጥ በችግኞቹ መካከል 12 ተኩል። የዳር ችግኝ ብርሃንና አየር ስለሚያገኝ የተሻለ ያፈራል፤ በዚህ አተካከል እያንዳንዱ መስመር የዳር መስመር ይሆናል። ለማረምና ማዳበሪያ ለመበተንም መተላለፊያ ይገኛል። እጅጌ ረጅም ልብስና ሰፊ ባርኔጣ ልበሱ፤ በባዶ እግራችሁ ግቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከወርቃማው ቀንድ አውጣ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ለስላሳውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እንቁላሉ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ግንድና ክትር ላይ ስለሚጣበቅ በቀላሉ ይታያል፤ ለቅማችሁ ጨፍልቁት። ማሳው ላይ ያለውን ውኃ አሳንሱ፤ ማታ የፓፓያ ቅጠል ጥላችሁ ጠዋት የተሰበሰበበትን ልቀሙ። መርጫ መሣሪያ ለመያዝ አትቸኩሉ። ኢንዶኔዥያ በጸረ ተባይ ብዛት ከተክል ተክል የሚዘለውን ቡናማ የሩዝ ተባይ አባብሳ ብዙ ምርት ስላጣች፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንቱ መመሪያ 57 ዓይነት መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ አግዳለች። በ1989 የተጀመረው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤትም ከዚያ ተሞክሮ የወጣ ነው፤ ገበሬው ማሳው ውስጥ ቆሞ ጠላቱንና ወዳጁን ነፍሳት ለይቶ እንዲያውቅ።

ምርት ሲደርስ ነጋዴ ይመጣና አዝመራውን በቁሙ ሊገዛ ይጠይቃል። «ተባሳን» ይሉታል። በዓይን አይቶ ለጠቅላላው ማሳ አንድ ዋጋ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ልትረዷቸው የምትችሉት በመለካት ነው። አማካይ የሆነ ቦታ መርጣችሁ 2 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ተኩል ካሬ በገመድ ከልሉ፤ አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ መዝኑ። ለአንድ ሄክታር ለማወቅ በ1,600፣ ለሩብ ሄክታር በ400 አባዙ። የምባህ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው፤ ከካሬው 3 ኪሎ ተኩል ወጣ፤ ስለዚህ 1,400 ኪሎ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ያልተፈለፈለ ሩዝ የሚገዛበት ዋጋ በኪሎ 6,500 ሩፒያ ስለሆነ፣ 9 ሚሊዮን 100 ሺህ ሩፒያ ይመጣል። ነጋዴው የጠራው 7 ሚሊዮን ነበር። የአጫጁን፣ የመውቂያውንና የማጓጓዣውን ወጪ እሱ ስለሚሸፍን ልዩነቱ ሁሉ ቅሚያ አይደለም። ቁጥሩን በእጃቸው ይዘው ሲነጋገሩ ግን 8 ሚሊዮን ላይ ተስማሙ። ምባህ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ቀጥሉ። መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንና ገበሬው «ማሮ»፣ ማለትም የእኩል ቢያርስ፣ ከዚያ 8 ሚሊዮን 4 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ለአራት ወር ሲካፈል በወር 1 ሚሊዮን ነው፤ የዘርና የማዳበሪያ ድርሻው ገና አልተነሳም። የአካባቢው ዝቅተኛ የፋብሪካ ደመወዝ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። በመንደሩ ማሳ ላይ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ብዙም ያላየሁት ለምን እንደሆነ ይህን ስሠራ ገባኝ። «ልጆቻችሁ ለምን አያርሱም?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ስሌት ሥሩ። ጥያቄው ያለ ስሌቱ ወላጅን ያሳዝናል።

ጎረቤቴ የነበሩት ሴት ስምንት ዓመት ሪያድ ሠርተዋል። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ በአንድ አጥር የምትዋሰናቸው ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ እንደነበረች ነገሩኝ፤ በጣሪያ ላይ ልብስ ሲያሰጡ በተሰባበረ ዓረብኛ ያወሩ ነበር። የእኔም እኅት ዓረብ አገር ናት። የወለል ሸክላ የተነጠፈበት ቤታቸውን ሲያሳዩኝ፣ የመንደሩ ቤቶች በምን ገንዘብ እንደታደሱ ለመጠየቅ አላስፈለገኝም።

ተስፋውን ለማየት ደግሞ በዚያው በክላተን ወዳለችው ፖንጎክ መንደር አንድ ቀን ሂዱ። ምንጯን በመንደሩ የጋራ ድርጅት በኩል የመዋኛና የውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ መነሻ አድርጋ ገቢ አግኝታበታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመንደሮች ሕግ ከማዕከላዊ መንግሥት በጀት በቀጥታ ለየመንደሩ ገንዘብ እንዲደርስ ስላደረገ፣ ከ2015 ጀምሮ ብዙዎች እንዲህ ዓይነት ድርጅት ሞክረዋል። ምንጭ የሌለው መንደር ምን ያድርግ የሚለውን በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ አድምጡ፤ እኔ በነበርኩበት የተነሱት ሐሳቦች የመፈልፈያ መኪናና የጋራ መጋዘን ነበሩ፤ ሁለቱም አዝመራን በቁሙ ከመሸጥ የሚያድኑ ናቸው።

ስትመለሱ በየቤቱ ዞራችሁ ተሰናበቱ። «ፓሚት» ይባላል፤ ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የለካችሁትን ሁሉ በኢንዶኔዥያኛ ገልብጣችሁ አንድ ቅጂ ለባለቤቶቹ ስጡ፤ ወደ ኤር ቴውም ሂዱና መውጣታችሁን አስመዝግቡ።