የሪል እስቴት አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት የዕዳውን ቀን እዩ

አሜሪካ ገበያ ላይ ሪት የሚባሉትን የሪል እስቴት ኩባንያዎች አክሲዮን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የዕዳውን መጠን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። መቼ እንደሚከፈልም እዩ።

ሪት በሕግ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖች ማከፋፈል አለበት። ስለዚህ ለዋናው ዕዳ የሚቋጥረው ብዙ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር ነው የሚዘጋው። አበዳሪዎች እጃቸውን የሰበሰቡ ዕለት ጉድ ይፈላል። ጄነራል ግሮውዝ ፕሮፐርቲስ የተባለው የአሜሪካ ሪት የገበያ ማዕከሎቹ ኪራይ እያስገቡለት፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ እንዲከላከልለት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ጊዜው የደረሰውን ብድር የሚያድስለት ጠፍቶ ነው።

ዓመታዊ ሪፖርቱን ክፈቱና በየዓመቱ የሚደርሰውን ዕዳ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከሒሳብ መግለጫው ማብራሪያዎች መሀል ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሚደርሰው ከበዛ ወለዱን አስሉ። ለምሳሌ በ3 በመቶ የተወሰደ 500 ሚሊዮን ዶላር በ6 በመቶ ቢታደስ፣ የዓመት ወለዱ ከ15 ወደ 30 ሚሊዮን ያድጋል። ጭማሪው የሚነሳው ከእናንተው ድርሻ ላይ ነው። ወለዱ ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብድር ደግሞ ለብቻው ያዙት፤ እሱ መታደሻ ቀኑን እንኳ አይጠብቅም።