ወጥመዱ ሞልቷል፣ በቆሎው ግን ተበልቷል

የመጀመሪያውን የፌሮሞን ወጥመድ፣ ማለትም በሴቷ እራት ሽታ ወንዱን የሚጠራውን፣ የሰቀልኩ ሰሞን ኩራቴ ለጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባልዲውን ከፍቼ የእሳት እራቶቹን እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሠላሳ አራት ሆኑልኝ። «በቃ፣ ጨረስኳቸው» አልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቆሎዬ መሃል መሃሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ጠበቀኝ።

የያዝኳቸው በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ወንድ እንቁላል አይጥልም። የቀሩት ጥቂት ወንዶች ደግሞ አንዱ ለብዙ ሴት ይበቃል። ሴቶቹ ወጥመዱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ሽታው የነሱው የራሳቸው ነው፣ ምን ሊያደርግላቸው?

ከዚያ ወዲህ ስድስት የዘር ወቅት አሳልፌያለሁ። ወጥመዱንና መድኃኒቱን እንዴት አንድ ላይ እንደማሠራቸው፣ የት የት ላይ እንደተሸወድኩም ልንገራችሁ። ምሳሌዬ መጤ ተምች ነው። ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ከ2016 ጀምሮ አፍሪካን፣ ቀጥሎም እስያን ያዳረሰው ማለት ነው። መንገዱ ግን ለሌሎች የእሳት እራት ተባዮችም ያገለግላል።

ሽታው እንዴት ይሠራል

ሴቷ ሲመሽ ቅጠል ላይ ትወጣለች። የሆዷን ጫፍ ገፋ ታደርግና እዚያ ያለችውን ዕጢ ለንፋስ ትሰጣለች። አጥኚዎቹ ይህን «ጥሪ» ይሉታል። አንድ ሌሊት በባትሪ ስፈልግ አንዷን አግኝቼ ቁጭ ብዬ አየኋት። ዝም ብላ ቆማለች፤ ሌላ የሚታይም የሚሰማም ነገር የለም። የምትለቀው ሽታ በናኖግራም የሚለካ ኢምንት ነገር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት የሐር ትል እራትን ሽታ ነጥሎ ለማውጣት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሴቶች አስፈልገውታል። ውጤቱ በ1959 ወጣ። «ፌሮሞን» የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው በዚያው ዓመት ነው።

ከሱ በፊት የኖረው ፈረንሳዊው ዣን ሄንሪ ፋብር ያደረገውን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ሴት የእሳት እራት በመስታወት ክዳን ዘጋባት። በደንብ ትታያለች። የመጡት ወንዶች ግን እሷን ትተው፣ ቀደም ሲል አርፋበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ሄዱ። ለወንዱ ሴት ማለት ሽታዋ ነው።

ይህ ነገር ሥራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በጃኬቴ ነው። ማባበያውን፣ ማለትም ሽታው የተነከረበትን ትንሽ ላስቲክ፣ ኪሴ ከትቼ ወደ ማሳ ወረድኩ። ማታ ጃኬቱን ውጭ ሰቀልኩት። ሲነጋጋ ሦስት ወንዶች ኪሱ ላይ ተለጥፈው አገኘሁ። ከወጥመዱ ይልቅ ጃኬቴ ተወደደ!

ስለዚህ ላስቲኩን በጓንት ወይም በወረንጦ ያዙት። የአንዱን ዝርያ ማባበያ በነካ ጓንት የሌላውን አትንኩ፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሽታው ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ውህዶች ቅልቅል ነው። ወንዱ የሚያውቀው ልኩን ነው። ልኩ ከተዛባ ወይ አይመጣም፣ ወይ የሌላ ዝርያ ወንድ ይመጣል። ያልተከፈተውን ማባበያ እንደታሸገ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አሮጌውን ስትቀይሩ ማሳው ውስጥ አትጣሉት፤ እየከሰመም ቢሆን ይጠራል።

አሰቃቀል

ወጥመዱን የምሰቅለው በቆሎው ከመብቀሉ በፊት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወንዶች የሚመጡበትን ቀን ማወቅ እፈልጋለሁ። እንደ መጤ ተምች ላለ ትልቅ እራት የባልዲ ወጥመድ ይሻላል። ለትናንሾቹ፣ ለምሳሌ ለቲማቲም እራት፣ ታቹ የሚያጣብቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ቤት መሰሉ ይበቃል።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ባለው እንጨት ላይ እጀምራለሁ። በቆሎው ሲያድግ ወጥመዱም አብሮ ከፍ ይላል፤ የባልዲው ታች ከቅጠሉ በላይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ምክንያቱ ንፋሱ ነው። ሽታው እንደ ጭስ ተበጣጥሶ፣ ክር ክር ሆኖ ነው የሚሄደው። ወንዱ አንዷን ክር ሲያገኝ ንፋሱን ተቃውሞ ወደፊት ይበራል። ክሯ ስትጠፋበት ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ይፈልጋታል። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ውስጥ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ብትሰቅሉት ክሩ ሩቅ አይደርስም።

ላስቲኩ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሠራል። ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ያልቃል። የሰቀላችሁበትን ቀን ባልዲው ላይ ጻፉ። እኔ «አስታውሰዋለሁ» ብዬ ሁለት ወር በሞተ ላስቲክ ዜሮ ስመዘግብ ነበር።

ቆጠራ

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑን ሳላዛንፍ። የተያዙትን አወጣለሁ፣ እለያለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ዜሮም ቢሆን ይጻፋል። መለየት የምለው ዘመዶቻቸው ስለሚገቡ ነው። የመጤ ተምች ወንድ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ገደድ ያለ ፈዛዛ ሞላላ። ክንፉ ከረገፈ እተወዋለሁ፤ በግምት አልቆጥርም።

ቁጥሩን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ዝናብ፣ ብርድና ኃይለኛ ንፋስ ቁጥሩን ያወርዱታል። ማሳው በሴቶች ሲሞላም እንዲሁ፤ እውነተኛዎቹ ሲጠሩ ላስቲኩን ማን ይፈልገዋል? ዜሮ ተባይ የለም ማለት አይደለም። ሠላሳም ርጩ ማለት አይደለም። እኔ ቁጥሩን የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሳውን ወርዶ መፈተሽ የሚጀመረው መቼ ነው?

ቁጥሩ መጨመር ሲጀምር እወርዳለሁ። ዚግዛግ እየሄድኩ አምስት ቦታ እቆማለሁ። በየቦታው አሥር አሥር ተክል አገላብጣለሁ። እንቁላሉ በመቶዎች ሆኖ አንድ ላይ ይጣላል፤ ላዩ የእናቲቱን እራት ጸጉር መሰል ቅርፊት ይለብሳል። ሙቀት ካለ በሁለትና በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ሕፃናቱ ትሎች ቅጠሉን ፍቀው መስኮት የመሰለ ስስ ነገር ያስቀራሉ። መፈለግ ያለበት ይህ ምልክት ነው። ትልቅ ቀዳዳና እንደ ሰጋቱራ ያለ እርጥብ ኩስ ካያችሁ ዘግይታችኋል። ትሉን ስታገኙ ፊቱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛው «ዋይ» (Y) ፊደል፣ ጭራው አካባቢ ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ ሌላ ትል ነው።

መድኃኒቱ

የመርጨት ዒላማችን ትሉ ነው፣ እሱም ትንሽ ሳለ። ስድስት የእድገት ደረጃ አለው። አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቅጠሎቹ ተጠቅልለው በሚወጡበት መሃል ገብቶ፣ በራሱ ኩስ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የትኛውም መድኃኒት እዚያ አይደርስለትም። ስለዚህ በሩን ሳይዘጋ፣ የመርጫውን አፍ ወደ መሃሉ አዙሩ። ሰዓቱ አመሻሽ ይሁን፤ ትሉ የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ ፀሐይም አንዳንዱን መድኃኒት ታበላሻለች።

አሁን የከሰርኩበትን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት የመጀመሪያው ርጭት አልሠራም። ሌላ ጠርሙስ ገዛሁ፣ አልሠራም። ሦስተኛ ገዛሁ። ሦስቱም ቀለማቸው ሌላ፣ ስማቸው ሌላ። በኋላ መነጽሬን አድርጌ በደቃቅ የተጻፈውን አነበብኩ። አንዱ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ አንዱ ሳይፐርሜትሪን፣ አንዱ ዴልታሜትሪን። ሦስቱም ፓይሬትሮይድ የሚባሉ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች፣ ሦስቱም የቡድን ቁጥራቸው፣ ማለትም በአሠራራቸው የተመደቡበት ቁጥር፣ 3ኤ። ሁሉም የሚመቱት የነርቩን ያንኑ የሶዲየም በር ነው። አንዱን የለመደ ትል ሌሎቹንም ሊለምድ ይችላል። እኔ አንድ መድኃኒት በሦስት ልብስ ስረጭ ከረምኩ።

ትል መድኃኒት ይለምዳል ስንል አንዱ ትል ራሱ ተለማመደ ማለት አይደለም። ከሺህ አንዱ መርዙን የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ይኖረዋል፣ ወይም መርዙ የሚይዝበት ቦታ ትንሽ የተለየ ይሆናል። እሱ ይተርፋል፤ የሚዋለዱትም የተረፉት ናቸው። የጥቅል ጎመን እራት ዲዲቲን መቋቋሟ ከጃቫ የተዘገበው ገና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኋላም ቢቲ የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ማሳ ላይ በመቋቋም ቀዳሚዋ እሷው ሆነች።

ስለዚህ የምትቀያይሩት የቡድን ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም። መጤ ተምች በሙቀት ከእንቁላል እስከ እራት አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ለአንዱ ትውልድ፣ ለምሳሌ ክሎራንትራኒሊፕሮል ከቡድን 28 ከረጨሁ፣ ለቀጣዩ ትውልድ ወደ ስፒኖሳድ፣ ቡድን 5፣ ወይም ወደ ኢማሜክቲን ቤንዞዬት፣ ቡድን 6፣ እሄዳለሁ። መጠኑ የተጻፈው ነው። መጨመር ጎጂዎቹን ትሎች የሚበሉልንን ተርቦችና ጢንዚዛዎች መጨረስ ነው፤ መቀነስም መሃከለኛ ጠንካሮቹን ማትረፍ ነው።

ሌላው ስህተቴ ትዕግስት ማጣት ነበር። ቢቲ ረጨሁ፤ በማግስቱ ትሉ ይንቀሳቀሳል፤ ተናድጄ ሌላ ደገምኩበት። ቢቲ መበላት አለበት፤ ከዚያ አንጀቱን ይበሳዋል። ትሉ መብላት ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ቀናት ቆይቶ ነው። ክሎራንትራኒሊፕሮልም ጡንቻውን ስለሚያስር መንጋጋው በሰዓታት ይቆማል፤ ሬሳው ግን ቶሎ አይታይም። ሉፌኑሮን ደግሞ ትሉ ቆዳ ሊቀይር ሲል ነው የሚይዘው። ስለዚህ በማግስቱ «ሞተ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዲስ ፍቀት አለ ወይ? እሱን እዩ።

እግረ መንገዴን፦ ከርጭት በኋላ የወጥመዱ ቁጥር ቢቀንስ ቶሎ አትደሰቱ። በአንዳንድ የእሳት እራት ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ለመግደል የማይበቃ መድኃኒት የደረሰበት ወንድ ሽታ የመከተል አቅሙ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይተዋል፤ አንዳንዴ ይደክማል፣ በሌላ መጠን ደግሞ እንዲያውም ይበረታል። ወንዱ ግራ ተጋባ ማለት ትሉ ሞተ ማለት አይደለም።

ማሳውን በፌሮሞን ሽታ ማጥለቅለቅስ?

ብዙ ማሰራጫ ሰቅሎ ወንዱ ሴቷን እንዳያገኝ ማድረግ ይቻላል። ሰፊ የአፕል እርሻ ላይ በደንብ ይሠራል። በትንሽ ማሳ ላይ ግን ገንዘቤን አላወጣበትም። መጤ ተምች በአንድ ሌሊት መቶ ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል፤ ሌላ ቦታ የተገናኘች ሴት መጥታ ትጥላለች። የቲማቲም እራት ደግሞ ጭራሽ ያለ ወንድ መራባት እንደምትችል በላብራቶሪ ታይቷል።

የጥንቃቄውን ነገር ታውቁታላችሁ፦ ጓንት፣ ጭምብል፣ ረጅም እጅጌ፣ ንፋሱን ጀርባ መስጠት፣ ከመሰብሰብ በፊት የተጻፈውን የቀን ብዛት መጠበቅ። ባዶውን ጠርሙስ ውኃ እንዳትቀዱበት፤ ብሱትና ከጥቅም ውጭ አድርጉት።

ከረጨሁ በኋላ ሃምሳ ተክል ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እነዚያኑ ሃምሳዎች መሃላቸውን ገልጬ፣ አዲስ ፍቀት ያለባቸውን እቆጥራለሁ። ከደብተሬ በግራ ገጽ የወጥመዱ ቁጥር፣ በቀኝ ገጽ የክሮቹ። ቀኙ ገጽ ካልወረደ ያንን የቡድን ቁጥር አሰምርበትና ለዚያ ወቅት አልመለስበትም።