ካሜራ ይዘው አንቲጓ ጓቲማላን ለብቻ ሲዞሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንቲጓ ጓቲማላ ያለ አስጎብኚ በእግር ለመዞር የምትመች ትንሽ ከተማ ናት። ስፔናውያን በፓንቾይ ሸለቆ የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1543 ሲሆን፣ የ1773ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪያፈርሳት ድረስ የመካከለኛው አሜሪካ ግዛታቸው መናገሻ ነበረች። በ1776 መናገሻው ወደ ዛሬዋ ጓቲማላ ሲቲ ሲዛወር የፈረሰው ሁሉ እዚያው ቀረ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1979 ነው። እንዲህ ያለች ከተማ ዞሮ ሕይወት የሌለው ፎቶ ይዞ መመለስ ያሳዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚሠራው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፣ የቱን ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚያዩ ሲወስኑ ነው። ከዚህ በታች ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወራቱና ዓመታቱ ደግሞ በአውሮፓውያን ናቸው።

አቅጣጫን ሳይለዩ መነሳት

የከተማዋ መንገዶች እንደ ዳማ ገበታ የተሰመሩ ናቸው። «አቬኒዳ» የሚባሉት ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ «ካዬ» የሚባሉት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ይህን ያወቀ ሰው ብርሃኑን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጠዋት በአቬኒዳ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው በምዕራብ በኩል ያለው የቤቶች ረድፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተራው የምሥራቁ ይሆናል። ካዬዎቹ ላይ ግን ፀሐይዋ ስትወጣና ስትገባ በመንገዱ ርዝመት ስለምትገባ የንጣፍ ድንጋዩን ጉብታ አንድ በአንድ ታወጣዋለች።

ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በዋናው አደባባይ ነው። ካቴድራሉ በምሥራቅ በኩል ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል። ጠዋት ቢያነሱት ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን የሚያገኙት ጠቁሮ የታተመ ፊትና የነጣ ሰማይ ነው፤ ለእሱ ከ10 ሰዓት በኋላ ይመለሱ። በደቡብ ያለው የካፒቴን ጄኔራሎቹ (የስፔን ገዥዎቹ) ቤተ መንግሥት ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጥላ ውስጥ ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከ52 ዲግሪ በላይ አትወጣም፤ ያውም በደቡብ በኩል፣ ማለትም ከሕንፃው ጀርባ። እሱን ገና ፀሐይ ሳትጠነክር፣ በማለዳው ለስላሳ ብርሃን ያንሱት። ትይዩ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ደግሞ ደቡብን ስለሚያይ በደረቁ ወቅት ቀኑን ሙሉ ብርሃን አያጣም። ከፎቁ በረንዳ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቤተ መንግሥቱና ከኋላው ያለው የአጉዋ እሳተ ገሞራ ተራራ በአንድ ፍሬም ይገባሉ።

ቅስቱን ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ የቆመበት ቦታ ቆሞ ማንሳት

የሳንታ ካታሊና ቅስት የተሠራው በ1694 ነው። ከዓለም የተለዩት መነኮሳት ሰው ሳያያቸው ከአንዱ የገዳሙ ክፍል ወደ ሌላው እንዲሻገሩ ታስቦ ነበር። ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ስለሆነ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሥሩ ከሰው አይጸዳም። ዝናባማው ወቅት (ከሜይ እስከ ኦክቶበር) ከሆነ ደግሞ ተራራው ረፋድ ላይ ደመና ይለብሳል። ጎህ ሲቀድ እዚያ ይገኙ። ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው።

ከሰዓቱም በላይ ዋጋ ያለው የቆሙበት ርቀት ነው። 3,760 ሜትር ከፍታ ያለው አጉዋ ከዚህ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ጫፉ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። በመንገዱ ላይ 50 ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢሉ ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው ቅስቱ ነው፦ ሲቀርቡት ከፍ ይላል፣ ሲርቁት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሰሜን በኩል ወደ ቅስቱ ሲጠጉ የተራራው ጫፍ በቅስቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወይም የስልክዎ መደበኛ ካሜራ ይበቃል። ጥቂት ወደኋላ ሲሉ ጫፉ ከቅስቱ ግንብ ጀርባ ይደበቃል፤ ይህ ቦታ ተራራውን አንገቱ ላይ የቆረጠ ፎቶ ይሰጣል፣ ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚያ ነው። አሁንም ወደኋላ ሲሄዱ ተራራው ከቅስቱ በላይ ብቅ ይላል። በዚያ ርቀት 85 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢጠቀሙ፣ ተራራው በቅስቱ የሰዓት ማማ ላይ ያንዣበበ ያህል ገዝፎ ይወጣል። ሁለቱንም ያንሱ፤ መሃለኛውን ቦታ ይዝለሉት።

ቀለሙን ለካሜራው ፈቃድ መተው

አንቲጓ የኦቾሎኒ ቅቤ በሚመስል ቢጫ፣ በቀይ አፈር ቀለምና በኖራ ነጭ የተቀባች ናት። ዋይት ባላንሱ (ካሜራው ቀለምን የሚያስተካክልበት ስልት) አውቶ ላይ ከሆነ ካሜራው ፍሬሙን የሞላውን ቢጫ «ስህተት ነው» ብሎ ያርመዋል፤ ግድግዳውም ይገረጣል። 5,200 ወይም 5,500 ኬልቪን ላይ ይቆልፉት፤ ያኔ የጠዋቱ ወርቃማነትም ሳይሰረዝ ይቀራል። በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሱ፣ ቀለሙን በኋላም ማስተካከል ይቻላል።

የላ መርሴድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሌላ ፈተና አለው፦ በቢጫ ላይ እንደ ጥልፍ የተሠራ ነጭ የኖራ ቅርጽ ነው። ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚያወርደው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን መጠን) በ0.7 ስቶፕ ያህል ከፍ ያድርጉ (አንድ ስቶፕ ከፍ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)፤ ከዚያ በሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን በሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ ነጩ እንዳልተቃጠለ ይመልከቱ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ቅርጹ ይጠፋል። ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ቅጠልና ሐረግ የራሱን ቀጭን ጥላ ጥሎ ከግድግዳው ይነሳል።

አጭሩን ሕንፃ ረጅም ለማስመሰል ካሜራን ማንጋጠጥ

እዚህ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ወፋፍራም ግድግዳ፣ አጫጭር ማማና ድንቡሽ ያሉ ምሰሶዎች ያሏቸው መንቀጥቀጡን እንዲቋቋሙ ነው። ቅርብ ቆመው በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ላይ ሲያነሷቸው ማማዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ሕንፃውም ያለ ባሕርይው ሾጣጣ ይሆናል። መንገዱን ተሻግረው ካሜራውን ቀጥ አድርገው በ35 ሚሊ ሜትር ያንሱ። ታች የሚተርፈውን የድንጋይ ንጣፍ በኋላ መቁረጥ ይቻላል።

ቀትርን እንደ ባከነ ሰዓት መቁጠር

ፎቶ አንሺ ሁሉ ቀትርን ይሸሻል። አንቲጓ ውስጥ ግን ቀትር የፍርስራሾቹ ሰዓት ነው። ከካቴድራሉ በስተጀርባ ያለው የአሮጌው ካቴድራል ክፍል ጉልላቶቹ ወድቀው ክብ ክብ የሰማይ መስኮት ሆነዋል። ጠዋትና ማታ ወለሉ ጨለማ ነው። ፀሐይዋ አናት ስትደርስ ግን ብርሃኑ በቀዳዳው ወርዶ መሬቱን ያገኘዋል፤ በኤፕሪል መጨረሻና በኦገስት አጋማሽ ማለት ይቻላል ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የብርሃኑና የጥላው ልዩነት በአንድ ፍሬም ስለማይያዝ ካሜራውን ሳያነቃንቁ በኋላ የሚያዋህዷቸውን ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ አንዱን በመደበኛው፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ ዝቅ፣ አንዱን ሁለት ስቶፕ ከፍ አድርገው። ትራይፖድ መትከል ይፈቀድ እንደሆነ መግቢያው ላይ ይጠይቁ።

በላስ ካፑቺናስ ገዳም 18 የመነኮሳት ክፍሎች ክብ ግቢ ከበው ቆመዋል። ከሥራቸው ባለው ምድር ቤት ጣሪያው በመሃል ካለ አንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። እዚያ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ወደ 1,600 ወይም 3,200 ያውጡ፤ ጀርባዎን ለግድግዳው ሰጥተው በ1/60 ሰከንድ ያንሱ።

ሰውን እንደ ግድግዳ ማንሳት

ዊፒል (በእጅ የተሸመነ ባህላዊ ልብስ) የለበሱ የማያ ሴቶች አደባባዩ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። የሥራ ቦታቸው ነው፤ ከሩቅ በረጅም ሌንስ መስረቅ ነውር ነው፣ ብዙዎቹም ፊታቸውን ያዞራሉ። ቀርበው ሰላምታ ይስጡ፣ በስፓኒሽ «ፕዌዶ ቶማር ኡና ፎቶ?» (ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?) ብለው ይጠይቁ። አይሆንም ካሉ ካሜራውን ያውርዱ። ከሸቀጡ ከገዙ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝር ኬትሳል (የአገሩ ገንዘብ) ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ሕፃናትን ግን ወላጅ ሳይፈቅድ በፍጹም አያንሱ። ልጅ ይሰረቃል የሚለው ስጋት በጓቲማላ እውነተኛ ፍርሃት ስለሆነ የማያውቁት ሰው ካሜራ ልጅ ላይ ሲያነጣጥር ከባድ ጠብ ሊነሳ ይችላል።

በሰሞነ ሕማማት ሰልፉን ብቻ መጠበቅ

ነዋሪዎቹ ሌሊቱን በቀለም በተነከረ ሰጋቱራ፣ በአበባና በጥድ ቅጠል መንገዱ ላይ ምንጣፍ ይሠራሉ። ሰልፉ ሲያልፍበት በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናል። ሰልፉ ሲደርስ የሚመጣ ሰው የሚያየው ትርፍራፊውን ነው። ሌሊት ወንፊት ይዘው ሰጋቱራውን በቅርጽ ማውጫው ላይ የሚነፉትን እጆች ያንሱ፤ ጠርዙን እንዳይረግጡ ይጠንቀቁ። በሰልፉ ቅዱሳን ሐውልቶችን የሚሸከሙት ሰዎች ሐምራዊ ይለብሳሉ፤ ስቅለት ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ልብሱ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የዕጣኑ ጭስ የሚያምረው ፀሐይዋ ከጀርባው ስትሆን ነው፤ ነገር ግን አውቶ ፎከሱ ስለሚዋልል ፎከሱን አስቀድመው በሐውልቱ መሸከሚያ ጠርዝ ላይ ይያዙ።

ሴሮ ደ ላ ክሩስን ለማታ ማቆየት

ከሰሜን ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው ኮረብታ ላይ መስቀሉ፣ የመንገዶቹ መረብና አጉዋ በአንድ መስመር ይቆማሉ። ከሰዓት በኋላ ደመና ተራራውን ሊወስደው ይችላል። ከጨለመ በኋላ ደግሞ በዛፎቹ መሃል ለብቻ መውረድ አይመከርም። ጠዋት፣ ሌሎች ሰዎች ባሉበት ይውጡ።

ዝናብ ሲመጣ ወይም ፀሐይ ስትገባ ካሜራውን መክተት

ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። እንዳባራ ይውጡ፤ የረጠበው ድንጋይ የቢጫውን ግድግዳና የፋኖሱን ብርሃን ይመልሳል፤ ካሜራዎን ወደ መሬት ባስጠጉት መጠን ነጸብራቁ ይበረታል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ እየተራመዱ በካሜራው ውስጥ አይመልከቱ፣ ቆመው ያንሱ። ፀሐይዋ እዚህ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ሰማዩ ከፋኖሶቹ ብርሃን ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ አጭር ነው፦ ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ገደማ። ቦታዎን አስቀድመው ይምረጡ፤ ትራይፖድ ከሌለ ክርንዎን የአንድ ቤት መስኮት የብረት ፍርግርግ ላይ አስደግፈው፣ በ1/15 ሰከንድ አራት አምስት ፎቶ አከታትለው ያንሱ። ከመካከላቸው ስል የሆነው አይጠፋም።