ከሴንቴኒያል ማማ ጋር መነጋገር፦ ለመነሳት ለሚዘጋጅ ተማሪ አብራሪ

በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ አካባቢ የበረራ አስተማሪ ነኝ። ከጎረቤቷ ከአውሮራ ከተማ ከሚመጡልኝ ተማሪዎች መካከል አገር ቤት ተወልደው ያደጉ በርካታ ናቸው፤ አብዛኞቹም አውሮፕላኑን ከመምራት ይልቅ ከማማው፣ ማለትም ከማረፊያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ይፈራሉ። የሚያስቸግራቸው እንግሊዝኛው አይደለም፤ ለዓመታት ሠርተውበታል፣ ተምረውበታል። የሚያስቸግራቸው ጨዋነታቸው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አናቋርጥም። ያልገባንን ደግመን ብንጠይቅ ሰው ያስቸገርን ይመስለናል፤ ስለዚህ በግማሽ የሰማነውን ትእዛዝ ተቀብለን እንሄዳለን። በማኮብኮቢያ ላይ ይህ ልማድ ሕይወት ያስከፍላል። ያልሰማችሁትን አትቀበሉ፤ የሰማችሁትን ደግማችሁ ተናገሩ።

ሴንቴኒያል የግል ጄቶችና ትናንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች የሚጋፉበት፣ በአሜሪካ እጅግ ሥራ ከሚበዛባቸው የአነስተኛ አውሮፕላኖች ማረፊያዎች አንዱ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት፦ 17 ግራ እና 17 ቀኝ (ቁጥሩ የኮምፓስ አቅጣጫ ነው፤ 17 ማለት ወደ 170 ዲግሪ ገደማ)። ነፋሱ ሲገለበጥ በሌላኛው ጫፋቸው 35 ቀኝ እና 35 ግራ ይሆናሉ። ሦስተኛው 10/28 ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2021 ወደ 17 ቀኝ ሊያርፍ የነበረ አንድ ሲረስ (ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን) መስመሩን አልፎ ወደ 17 ግራ መቅረቢያ ገባና ከአንድ ሜትሮላይነር (ከፍ ያለ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን) ጋር ተጋጨ። ሲረሱ በራሱ ፓራሹት ወረደ፤ ሜትሮላይነሩ አካሉ ተቦጭቆ አረፈ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሁለቱ አብራሪዎች በተለያየ ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ) ከማማው ጋር ይነጋገሩ ስለነበር አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም ነበር። ተማሪዎቼ የማኮብኮቢያውን ቁጥር ተናግረው «ራይት» ወይም «ሌፍት» የሚለውን ሲያስቀሩ ዝም ብዬ የማላልፈው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው። የዕለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ከወቅታዊው ሰነድ አውጥታችሁ ጭናችሁ ላይ ባለው ወረቀት በቅደም ተከተል ጻፉ፦ ኤቲስ፣ ግራውንድ (መሬት ላይ መንቀሳቀስን የሚመራው ተቆጣጣሪ)፣ ታወር (መነሳትና ማረፍን የሚፈቅደው)። ኤቲስ ስለ አየሩና ስለ ማረፊያው የተቀዳ መረጃ ነው፤ እስክትጨርሱት አድምጡት። ነፋሱን፣ የአልቲሜትሩን (የከፍታ መለኪያውን) ቁጥር፣ በሥራ ላይ ያለውን ማኮብኮቢያና የመረጃውን መለያ ፊደል መዝግቡ። ሴንቴኒያል ከባሕር ጠለል ከ5,800 ጫማ በላይ ስለሆነ የሙቀቱን መጠንም አትዝለሉ፤ በበጋ ቀትር አውሮፕላናችሁ በምን ያህል ርቀት እንደሚነሳ ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ግራውንድን ከፍታችሁ ሳትናገሩ ጥቂት ደቂቃ አድምጡ። ሌሎች የተቀበሉት የመሄጃ መንገድ ለእናንተም ሊሰጥ ይችላል፤ አስቀድሞ የተጠበቀ ቃል ደግሞ በፍጥነት ቢነገርም ይያዛል።

የመጀመሪያው ጥሪ አራት ነገር ይይዛል፦ የምትጠሩት ማን ነው፣ እናንተ ማን ናችሁ፣ የት ናችሁ፣ ምን ትፈልጋላችሁ። የመረጃው ፊደል ይጨመርበታል። አውሮፕላናችሁ ስካይሆክ የሚባለው ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ መጠሪያውም 12345 ቢሆን እንዲህ ትላላችሁ፦

«ሴንቴኒያል ግራውንድ፣ ስካይሆክ ዋን ቱ ትሪ ፎር ፋይፍ፣ ስቱደንት ፓይለት፣ ኖርዝ ራምፕ፣ ቪኤፍአር ሳውዝ ዲፓርቸር፣ ኢንፎርሜሽን ዴልታ።» ይህም፦ ተማሪ አብራሪ ነኝ፤ በሰሜኑ ማቆሚያ ነኝ፤ በዓይን እያየሁ (ቪኤፍአር) ወደ ደቡብ ልበር፤ የኤቲሱን መረጃ «ዲ» (ዴልታ) ሰምቻለሁ ማለት ነው።

የቆማችሁበት ቦታ በእርግጥ የሚጠራበትን ስም አስቀድማችሁ እወቁ። ሦስትን «ትሪ»፣ አምስትን «ፋይፍ»፣ ዘጠኝን «ናይነር» የምንለው በሚንጫጫ ሬዲዮ እንዳይምታቱ ነው። «ስቱደንት ፓይለት» ማለትን አትፈሩ። እፍረት የለበትም። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ራሱ ተማሪዎች እንዲሉት ይመክራል፤ ተቆጣጣሪውም ሲሰማ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ይታገሣል። መጠሪያችሁን ወደ መጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች የምታሳጥሩት ግን ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሲያሳጥረው ብቻ ነው፤ ተቀራራቢ ቁጥር ያለው ሌላ አውሮፕላን በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ መኖሩን የሚያውቀው እሱ ነው።

መልሱ ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ስካይሆክ ትሪ ፎር ፋይፍ፣ ራንዌይ ዋን ሰቨን ራይት፣ ታክሲ ቪያ አልፋ፣ ሆልድ ሾርት ኦፍ ራንዌይ ቱ ኤይት።» ይህም፦ በ«አልፋ» መንገድ ወደ 17 ቀኝ ሂድ፣ ከማኮብኮቢያ 28 በፊት ቁም ማለት ነው። እስኪርብቶ በእጃችሁ ይሁን። «17ቀ፣ አ፣ 28 ቁም» ብሎ መጫር ይበቃል። ስትመልሱ የተመደበላችሁን ማኮብኮቢያና የመቆሚያውን ትእዛዝ ከነመጠሪያችሁ መድገም ግዴታ ነው። «ሮጀር» ብሎ መዝጋት እዚህ አይሠራም። «ሮጀር» ድምፁ መድረሱን እንጂ ትእዛዙ በትክክል መያዙን አያሳይም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ለእያንዳንዱ ማኮብኮቢያ በስሙ የመሻገሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ 17 ቀኝ ሂዱ መባላችሁ በመንገድ ላይ ያለውን ሌላ ማኮብኮቢያ አቋርጡ ማለት አይደለም። ፈቃድ ማግኘታችሁን ከተጠራጠራችሁ ከመስመሩ በፊት ቁሙና ጠይቁ።

ሦስት አጫጭር ቃላት የጨዋነታችንን ቋጠሮ ይፈታሉ። «ሴይ አጌን» ድገምልኝ ነው። «ስታንድባይ» ቆየኝ ነው፤ ሥራ በዝቶባችሁ ሳለ ለተጠራችሁበት ፈጥናችሁ የማይሆን መልስ ከመስጠት ያድናችኋል። «አኔብል» አልችልም ነው። ጄት ከኋላችሁ እየመጣ «ቶሎ ተነሱ» ብትባሉና ዝግጁ ካልሆናችሁ «አኔብል» በሉ። ተቆጣጣሪው አይቆጣችሁም፣ ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል። ቢቆጣም እንኳ የአውሮፕላኑ አዛዥ እናንተ ናችሁ።

ሞተሩን ፈትሻችሁ መቆሚያው መስመር ላይ ስትደርሱ ወደ ታወር ትዞራላችሁ፦

«ሴንቴኒያል ታወር፣ ስካይሆክ ዋን ቱ ትሪ ፎር ፋይፍ፣ ሆልዲንግ ሾርት ራንዌይ ዋን ሰቨን ራይት፣ ሬዲ ፎር ዲፓርቸር፣ ሳውዝቦውንድ።» ይህም፦ ከ17 ቀኝ በፊት ቆሜያለሁ፣ ወደ ደቡብ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው።

«ሬዲ ፎር ቴክኦፍ» (ለመነሳት ዝግጁ) አላልንም። በማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፌ ደሴት የኬኤልኤም ቦይንግ 747 የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ተንደርድሮ በጭጋግ ውስጥ ከፓን አም 747 ጋር ተጋጭቶ 583 ሰዎች ሞቱ። አብራሪው «አሁን መነሻ ላይ ነን» ያለው ቃል ለማማው ገና ቆሞ የሚጠብቅ መሰለ፤ ማማው «ቆይ» ሲልና የፓን አም አብራሪዎች ገና ማኮብኮቢያው ላይ መሆናቸውን ሲናገሩ ደግሞ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው በጩኸት ተዋጡ። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ፣ ሲደገምና ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ሆነ። ድምፅ እንዳይደራረብም የማይክሮፎኑን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ሌላው መጨረሱን አረጋግጡ፤ የተጠየቀ ሰው ካለ መልሱን እስኪሰጥ ጠብቁ።

«ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ከተባላችሁ ማኮብኮቢያው ላይ ገብታችሁ ትጠብቃላችሁ፤ አትንደረደሩም። ከመግባታችሁ በፊት ሊያርፍ የሚመጣ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። 90 ሰከንድ ያህል ካለፈና ዝም ከተባላችሁ መጠሪያችሁንና ማኮብኮቢያውን ጠቅሳችሁ እዚያው መሆናችሁን አስታውሱ፤ የተረሳ አውሮፕላን ላይ ሌላው ሊያርፍበት ይችላል። «ራንዌይ ዋን ሰቨን ራይት፣ ክሊርድ ፎር ቴክኦፍ» (ለመነሳት ተፈቅዷል) ሲባል በሙሉ ድገሙ። መሬት ላይ የተቀባው ቁጥርና የኮምፓሱ አቅጣጫ ከተነገራችሁ ጋር ካልገጠመ ጉልበት አትስጡ። ይህ ልማድ ኋላ አዲስ አበባ ለመብረር ለሚያስቡም ይጠቅማል፤ ቦሌም 07 እና 25 የሚባሉ፣ ግራና ቀኝ የሆኑ ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አሉት።

ከተነሳችሁ በኋላ አውሮፕላኑ ይቀድማል። ማማው ሲጠራችሁ አፍንጫው ወደ ሰማይ እየወጣ፣ ፍጥነቱ እየወረደ ከሆነ አስተካክሉት፤ መልሱ ይደርሳል። ስለ ሌላ አውሮፕላን ሲነገራችሁ ካላያችሁት «ሉኪንግ» (እየፈለግሁ ነው) በሉ። ያላዩትን አይቻለሁ ማለት ማማው የመለያየቱን ኃላፊነት ለእናንተ እንዲያስረክብ ያደርጋል። ከሴንቴኒያል በላይ የዴንቨር ዓለም አቀፍ ማረፊያ «ብራቮ» የሚባል፣ ያለ ፈቃድ የማይገባበት የአየር ክልል አለ፤ «ክሊርድ» (ተፈቅዷል) የሚለውን ቃል በጆሮአችሁ ሳትሰሙ፣ ተማሪም ከሆናችሁ የአስተማሪ ፊርማ ሳይኖራችሁ አትገቡበትም። የማማውን ክልል እስክትወጡ ወይም «ፍሪኩዌንሲ ቼንጅ አፕሩቭድ» (ፍሪኩዌንሲ መቀየር ተፈቅዷል) እስክትባሉ ድረስ ታወርን አትልቀቁ።

ሬዲዮው በድንገት ቢሞት መጀመሪያ የድምፁን መጠን፣ የጆሮ ማዳመጫውን መሰኪያና ፍሪኩዌንሲውን ፈትሹ። ካልሆነ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከውን መሣሪያ) ሬዲዮ መጥፋቱን በሚያሳውቀው 7600 ላይ አድርጉ፤ የሌሎችን አውሮፕላኖች አካሄድ አይታችሁ ለማረፍ በሚዞሩበት መስመር ግቡና ዓይናችሁን ወደ ማማው አድርጉ፤ በመብራት ምልክት ይሰጣችኋል። በአየር ላይ ላላችሁ የማይቋረጥ አረንጓዴ መብራት «እረፉ»፣ ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ «ለማረፍ ተመለሱ»፣ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላው ቅድሚያ ስጡና መዞራችሁን ቀጥሉ»፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ «ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፉ» ማለት ነው። ቀን ከሆነ ክንፋችሁን በማወዛወዝ መልሱላቸው።